የማይነደው ሽቶ

እንግሊዝኛ የተማርኩት ከካርቶን ላይ ነው። መካ፣ መንሱር ገበያ ወርጄ ዕቃ ሳነሳ ካርቶኑን አነባለሁ፤ ያነበብኩትን ጅዳ፣ ጃሚዓ ሰፈር ባለችኝ ሱቅ እተረጉማለሁ። ሴቶቹ ክሬም ይዘው «እስቲ ምን ይላል?» ሲሉኝ አልገባኝም ብዬ አላውቅም። ነጋዴ አልገባኝም ካለ ደንበኛው ጎረቤት ሱቅ ሄዶ ይጠይቃል።

አንድ ሕግ ነበረኝ፤ እንግሊዝ ሲክድ ከፊት ነው። እኛ «አይነድም» ስንል በሩን በ«አይ» ከፊት፣ በ«ም» ከኋላ እንዘጋዋለን። እነሱ «ኢን» ወይም «አን» ብለው የፊቱን ብቻ ዘግተው ይሄዳሉ። ይህን ሕግ ተጠቅሜበታለሁ። አንዴ መንሱር ላይ የስጦታ ሣጥን «ኢንቫሉዌብል» ይላል። ቫሊዩ ዋጋ ነው፤ እንግዲያው ዋጋ ቢስ ነው። ሻጩን «ፋብሪካው ራሱ ዋጋ የለውም ብሎ ጽፎልሃል» አልኩት። ከኔ የተሻለ አያነብም ነበርና ቀነሰልኝ። ዋጋው የማይተመን፣ እጅግ ውድ ማለት መሆኑን የሰማሁት ሣጥኖቹን ሸጬ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ሕጉ የከዳኝ በአደራ ጊዜ ነው።

እኛ ዘንድ አገር ቤት የሚገባ ሰው የሌላውንም አደራ ይዞ ይገባል። ማሸጊያው የኔ ሱቅ ነው። ላኪዋ ዕቃዋን አንድ በአንድ ታሳያለች፤ ተጓዡ እያየ ይቀበላል። «ይሄን አልይዝም» ካለ ለምን አይባልም። በሻንጣው የሚጠየቀው እሱ ነው።

ያን ቀን ተጓዡ የሰፈራችን ሾፌር ነበር፣ ጎንደሬ። ላኪዋ እንደኔው ወሎዬ ናት፤ እዚያው ጃሚዓ ሰው ቤት ትሠራለች። ያሳደገቻት ታናሽ እህቷ ልታገባ ነው፤ የሷ የዓመት ፈቃድ ግን ገና ስለሆነ ለሠርጉ አትደርስም። ጫማ አወጣች፣ ሻርፕ አወጣች፣ በመጨረሻ ራሷ ሁልጊዜ የምትቀባውን ሽቶ።

«በሠርጓ ቀን እኔን እኔን እንድትሸት ነው» አለች።

ሾፌሩ ጠርሙሱን አገላበጠው። «ጋሼ፣ ይሄ ምን ይላል?»

«ኢንፍላመብል። ፍሌም እሳት ነው። ኢን አለበት፤ እሳት አይነካውም ማለት ነው።»

«ታዲያ እሳቱን ለምን ሣሉት?»

እውነትም ከቃሉ ሥር ትንሽ ነበልባል ተስላለች። «እሳት ክልክል ነው ሊሉ ነዋ» አልኩ።

«ክልክል ቢሆን ይሰርዙበት ነበር። የሲጋራውን ምልክት አላዩትም? መካ መንገድ፣ ባሕራ ያለው ጋራዥ የቤንዚኑ በርሜል ላይ ይሄው ቃል፣ ይቺው እሳት አለች።» ወደ ላኪዋ ዞረ። «የሚነድ ነገር አልይዝም እህቴ፣ አትቀየሚኝ።»

ደንብ ነውና ማናችንም አልተከራከርነውም። እሷ ጠርሙሱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ሻርፑን አነሳች።

«ይሄንንስ?»

«እሱ ጨርቅ ነው፣ እይዛለሁ።»

«ቢስሚላህ» ብላ ሻርፑን ዘረጋችና ሽቶውን ነፋችበት። ገልብጣም ነፋችበት። ሾፌሩ አስነጠሰው። ማራገቢያው ሥር ሰቅለን አደረቅነው፤ አጣጥፋ በላስቲክ ቋጠረችው።

ሾፌሩ ተቀብሎ መዘን መዘን አደረገው። «ሽታ ኪሎ የለውም፤ ኸላስ፣ ይሄ ይሄዳል።»

ከሠርጉ በኋላ ስልኳን ይዛ ሱቅ መጣች። የሙሽራዋን ድምፅ አሰማችኝ፤ «ቋጠሮውን ስፈታው በሩን ከፍተሽ የገባሽ መስሎኝ ዞር አልኩ። ቀኑን ሙሉ ከትከሻዬ አላወረድኩትም። ወላሂ አላጥበውም» ትላለች።

ድምፁን ደግማ ከፈተችው። ከዚያ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ «ያላ፣ ማዳም ትጠብቀኛለች» ብላ ወጣች። እሷ ካለፈች በኋላ ሱቁ ለጥቂት ጊዜ ያንን ሽቶ ይሸት ነበር።