የፒሩ ዛፍ ምርጫ

ለንደን የገባሁት ከአገር ቤቱ የዘጠና ሰባት ምርጫ በኋላ ነው። ጎህ ሳይቀድ ተሰልፈው ከመረጡት አንዱ ነበርኩ። ነገሩ ወደ ጥይትና ወደ እስር ሲዞር አይቼ፣ ሁለተኛ ድምፅ የሚባል ነገር ላልሰጥ ምዬ ወጣሁ። እኔ ደግሞ ከማልኩ ማልኩ ነው፤ ግትርነቴን እናቴም አትክድም።

ሥራ ያገኙልኝ ቶተንሃም የሚኖሩ አንዲት ኤርትራዊት እናት ናቸው። አማርኛን በንጉሡ ዘመን አስመራ ትምህርት ቤት የተማሩ ካቶሊክ ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ለአንድ ሎርድ ምግብ ያበስሉ ነበር። ሎርዱ ለአትክልቱ ሥራ ጉልበት ያለው ሰው ሲፈልጉ እትዬ እኔን ጠቆሙ። "አፉ አያርፍም እንጂ እጁ ደህና ነው" ብለው ነው ያስተዋወቁኝ።

ሎርዱ ማዕረጉን ከአባታቸው የወረሱ፣ አንድ ሰሞን ሚኒስትር የነበሩ፣ ያኔም በላይኛው ምክር ቤት ወንበር የነበራቸው፣ ሰማንያን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው። ልባቸው ግን ከቤቱ ጀርባ ያለው አትክልት ዘንድ ነበር። ከምክር ቤት ሲመለሱ ከረባታቸውን ሳይፈቱ ጭቃ ውስጥ ይገባሉ። ጽጌረዳ ሲገርዙ እጃቸው እየደማ ያፏጫሉ። ሌላው ሀብታም ያስተክላል፣ እሳቸው ይተክሉ ነበር፤ ይህን ወደድኩላቸው። የሚያናድደኝ ሁሉን ነገር ክርክር ማድረጋቸው ነው። አንድ ቁጥቋጦ ለመንቀል ግማሽ ቀን ይሟገቱኛል፤ እኔም አላርፍም። ጠዋት በር ሲከፍቱልኝ "ተቃዋሚዬ መጣ" ይሉ ነበር።

ዕድሜ ልካቸውን የደከሙበት አንድ ነገር ነበር። ከሳሎኑ መስኮት ሆነው ሲያዩ፣ ዓይናቸው ምንም ሳያግደው ቀጥ ብሎ ሄዶ ግቢው መጨረሻ ያለው የውኃ ገንዳ ላይ እንዲያርፍ ይፈልጋሉ። ለዚህ ሲሉ አጥር አፍርሰዋል፣ ወደ ገንዳው የሚወስድ የድንጋይ መንገድ አስነጥፈዋል፣ የገዛ እጃቸው ያሳደገውን ጽድ ነቅለዋል። የቀረው መሀል ላይ የቆመ አንድ ያረጀ፣ ፒር የሚባለውን ፍሬ የሚያፈራ ዛፍ ነበር።

"ይህ ከተቆረጠ አትክልቴ ተሟላ" አሉኝ። "ሳልሞት ላየው እፈልጋለሁ።"

እኔ ምሳዬን የምበላው ከዚያ ዛፍ ሥር ነው። አይቆረጥም አልኩ።

"እንግዲያው ድምፅ እንስጥ" አሉ።

ደሜ ፈላ። ግቢው የእሳቸው፣ ውሳኔው የእሳቸው፣ ምን ያሾፉብኛል? "ይቁረጡት፤ በምርጫ ግን አይቀልዱብኝ" አልኳቸው። አልቀለዱም። ሦስተኛዋ ድምፅ ሰጪ እትዬ እንዲሆኑ፣ ምርጫውም ዓርብ በምስጢር እንዲሆን ወሰኑ። ጨዋታ ነው፣ መሐላዬን አያፈርስም ብዬ ገባሁበት።

ያ ሳምንት ለእትዬ ዓመት በዓል ሆነላቸው። ሎርዱ ማድ ቤት እየገቡ ሾርባቸውን ያሞግሳሉ። እኔ ባስ ፌርማታው ድረስ ሄጄ የገበያ ዘንቢላቸውን እሸከማለሁ። እትዬ ሁለታችንንም በትዝብት እያዩ፣ "ልጄ፣ በዚህ ቤት ሁልጊዜ ኢሌክሽን ቢኖር እንዴት ጥሩ ነበር" አሉኝ።

"ለማን ሊሰጡ ነው?" ብላቸው፣

"ይህንንስ ለንስሐ አባቴም አልናገር" አሉ።

ዓርብ ዕለት በአበባ መትከያ ሸክላ ውስጥ ተራ በተራ ቦሎቄ ጣልን፤ ቀይ ከሆነ ይቆማል፣ ነጭ ከሆነ ይቆረጣል። ሎርዱ ሸክላውን የማድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ገለበጡት። ሁለት ቀይ፣ አንድ ነጭ። ፊታቸው ዳመነ። ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ። እትዬ "ፍሬውን ለማርማላታ ስለምፈልገው ነው" ብለው ወደ ድስታቸው ዞሩ።

ሰኞ ጠዋት ከምኖርበት ከኤድመንተን ባስ ይዤ ስደርስ፣ በሩ ላይ የዛፍ ቆራጭ ቫን ቆሟል። ለካ ሎርዱ እንደሚያሸንፉ ተማምነው ገና ከምርጫው በፊት ቀጥረውት ኖሯል፤ ይህን ያወቅኩት ግን ኋላ ነው። ይኸው፣ አልኩ በልቤ፤ ሰው የትም አንድ ነው፣ ቆጠራው ለታይታ ነው። የመጣው ይምጣ ብዬ፣ ልሰድባቸው ተዘጋጅቼ ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

ሎርዱ ከዛፉ ሥር ቆመዋል። ቆራጩ መጋዙን እንደያዘ ግራ ገብቶታል።

"ግቢው የእርስዎ አይደለም እንዴ?" ይላቸዋል።

"የእኔ ነው።"

"ታዲያ ማን ሊከለክልዎ ነው?"

"ተሸንፌያለሁ አልኩህ እኮ!" አሉት በቁጣ። "ሁለት ለአንድ ተሸንፌያለሁ። ግባና ሻይ ጠጣ፣ ከዚያ መጋዝህን ይዘህ ሂድ።"

ከመሣሪያ ቤቱ ጀርባ ዞሬ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለዛፉ አይደለም። የመሬቱ ጌታ፣ ቆራጩ ፊቱ ቆሞ፣ ዕድሜው እያለቀበት፣ በሁለት ፍሬ ቦሎቄ ሲገታ አይቼ ስለማላውቅ ነው። ደስ ብሏቸው እንዳይመስላችሁ። ለብዙ ቀን አኮረፉን፤ የእትዬም ሾርባ ጨው በዛበት ተባለ። ዛፉን ግን አልነኩትም።

ዓመታት አልፈው ዜግነት ካገኘሁ በኋላ የእንግሊዝ አገር ምርጫ ደረሰ። በዚህ አገር የላይኛው ምክር ቤት አባል በዚያ ምርጫ ድምፅ አይሰጥም። ሎርዱ አትክልታቸው ውስጥ ሲኮተኩቱ ሲውሉ፣ እኔ መሐላዬን አፍርሼ ኤድመንተን ተሰለፍኩ። በእርሳሱ ምልክቴን አድርጌ ወረቀቱን ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ።

በማግስቱ ጠዋት በሩን ከፈቱልኝ። ማንን እንደመረጥኩ አልጠየቁኝም።

"እህስ፣ ያንተ ሰው እንዴት ሆነ?" አሉኝ።

"ተሸነፈ።"

"ሥራ ግን ገብተሃል።"

"ገብቻለሁ" አልኳቸው።

አካፋውን አቀበሉኝና፣ የድንጋዩን መንገድ በፒሩ ዛፍ ዙሪያ ማዞር ጀመርን።