እታገኝ ቤት ላይ የነበረችው ቀይ ነጥብ

የምሥራች ብያለሁ። ነጥቧ ተነሥታለች። ባለፈው ማክሰኞ ሁለት ሴቶች፣ አንዷ ከሥራ ቦታዋ አንዷ ከሳሎኗ ሆነው ያንኑ ካርታ በየስልካቸው ከፍተው አይተዋል፤ ከጣሪያው ላይ ያቺ ቀይ ነጥብ የለችም። ደግመው ፈለጉ፣ አሁንም የለችም። የማን ጣሪያ፣ የምን ነጥብ ትሉኝ ይሆናል። ምሥራቹ የእታገኝ ነው። ከሥሩ ልጀምርላችሁ፤ ደስታው መጨረሻው ላይ ነው ያለው፣ እዚያ እስክንደርስ ግን መንገዱ ጨለም ያለ ነው።

እታገኝ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። አትላንታ መሀል ከተማ፣ አንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ አንሶላና ፎጣ ታጥፋለች። ቤቷ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሎረንስቪል ነው፤ ከባሏ ከፍስሐ ጋር ሃያ ዓመት ለፍተው የገዙት፣ ደጁ ላይ ጥድ የቆመበት፣ ባለ ሦስት መኝታ ቤት። ገብተው ዓመት ሳይሞላቸው ፍስሐን ልቡ ጣለው። የቀራት አንድ ልጇ ታዲዮስ ነው። ትራክ ይነዳል፤ ሦስት ሳምንት መንገድ ላይ፣ አራት ቀን ቤቱ። ታዲዮስ ሄርሜላን አገባ፣ ኤልዳናን ወለዱ። እታገኝም የመጨረሻውን መኝታ ቤት ቢጫ ቀብታ፣ ሄርሜላ ሥራ ስትመለስ ልጅቷ እኔ ጋ ትውላለች ብላ፣ ሺፍቷን ወደ ማታ ለማዞር አለቃዋን ሳይቀር አስፈቀደች።

ኤልዳና ሁለት ዓመት ሲሞላት ሄርሜላ ሥራ ተመለሰች። ልጅቷ ግን አልመጣችም።

መጀመሪያ "ጉንፋን ይዟታል" ተባለ። ቀጥሎ "እንቅልፏ ይዛባል"። ከዚያ "የሚያውላት ደይኬር አግኝተናል፣ እማማ፤ እርስዎ አይድከሙ።" አይድከሙ የምትለው ቃል ክፉ ናት፤ በክብር ነው የምታስወጣው። እታገኝ የልጅ ልጇን ማየት ሲያምራት እሷው ትሄዳለች። ሄርሜላም ሻይ ታፈላለች፣ ኬክ ትቆርሳለች፣ ትራስ ታቀብላለች፤ አንዲት ደቂቃ ግን ከክፍሉ አትወጣም። እታገኝ ልጅቷን ይዛ ወደ ጓሮ ብቅ ልበል ካለች፣ "እኔም ልምጣ" ብላ ትከተላለች። እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ኤልዳና የአያቷን ደጃፍ አንድ ቀን አልረገጠችም።

እታገኝ ምክንያቱን ያልፈለገችበት ቦታ የለም። እጄን ተጸይፋው ይሆን? ወይስ እንግሊዝኛዬ የልጅቷን አፍ ያበላሽባታል ብላ? ሰፈሩም ቢሆን ፊት ነስቷት ነበር። ለገና ድፎ ዳቦ ቆርሳ ለጎረቤት ብትወስድ፣ ሦስት ልጆች ያሏት ፈረንጅ በሩን ሳትከፍት በመስኮት እጇን አወዛውዛ መጋረጃውን ለቀቀችው። በጥቅምት መጨረሻ፣ ልጆች ጭንብል አጥልቀው ከቤት ቤት ከረሜላ በሚለምኑበት ቀን፣ እታገኝ ሳህን ሙሉ ይዛ ትቀመጣለች፤ ልጆቹ ከግራው ቤት ወደ ቀኙ ቤት ይሻገራሉ እንጂ የሷን አያንኳኩም። መጤ ሆኜ ነው አለች በሆዷ። የሰፈሩንስ በመጤነት ቻለችው፤ የምራቷን ግን በምን ትቻለው? "ሄርሜላ ጠልታኛለች፤ የጠላችኝበትን ምክንያት ብታውቂው ግን ንገሪኝ" እያለች ሥራ ቦታ ለሱአድ ታለቅስላት ነበር።

ሱአድ የሥራ ባልደረባዋ ናት፤ የሁለት ልጃገረዶች እናት፣ ዶራቪል የምትኖር፣ ነገር የማይዘገይላት ሴት። በመጋቢት አንድ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ሱአድ አፓርታማ ልትቀይር ስለነበር ስልኳ ላይ ካርታ ዘርግታ ስትመረምር እታገኝ ደረሰችባት።

"ምን ታያለሽ? ኪራዩን ነው?"

"ኪራዩማ ያው እሳት ነው። ጎረቤቱን ነው የማየው፣ እትዬ።"

"ጎረቤት በስልክ ይታያል እንዴ?"

"የወሲብ ወንጀለኞች መዝገብ ነው። በዚህ ወንጀል ተፈርዶበት የወጣ ሰው የሚኖርበትን አድራሻ ለአካባቢው ሸሪፍ ፖሊስ ማስመዝገብ አለበት። ስቴቱ ደግሞ ሁሉም ሰው እንዲያየው ያወጣዋል። ገንዘብ የለው፣ አካውንት የለው። መጀመሪያ እዚህች ጋ 'እስማማለሁ' ትያለሽ።"

"ምኑን ነው የምስማማው?"

"ያየሽውን ይዘሽ ሰው በር ላይ ድንጋይ ላትወረውሪ። ሰውየውን ብታዋክቢው አንቺም ትጠየቂያለሽ። ከዚያ በስም ወይ በሰፈሩ ዚፕ ኮድ ወይ በአድራሻ ትፈልጊያለሽ። ይኸው፣ ነጥብ ነጥቡ ሰው ነው። ነጥቡን ስትነኪው ፎቶው ይወጣል፣ ምን እንደሠራ፣ የት እንደሚኖር፣ መቼ እንደተመዘገበ።"

"ስልክ የማይሆንለትስ?"

"ሸሪፍ ቢሮ ሄዶ ዝርዝሩን አሳዩኝ ይላል፤ ያሳዩታል።"

እታገኝ መነጽሯን አደረገች። "እስኪ የኔን ሰፈር እይልኝ። አንድ የቆሻሻ በርሜሌን እያነሣ የሚያይ ሽማግሌ አለ፤ እሱ ካልሆነ ምን አለች በይኝ።"

ሱአድ እየሳቀች አድራሻውን ጻፈች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። ስልኩን አቀረበች፣ አራቀች።

"ሽማግሌው ነው አይደል?" አለች እታገኝ።

"እትዬ፣ ቤትሽ ውስጥ የምታኖሪው ሰው አለ?"

"ከኔና ከማይክሮዌቩ በቀር ማንም የለም።"

"ነጥቡ ያንቺ ቤት ላይ ነው።"

ሱአድ ነጥቧን ነካችው። ፂሙ የሸበተ ፈረንጅ ወጣ። ወንጀሉ በሕፃን ላይ የተፈጸመ ነው። አድራሻው የእታገኝ፣ ቁጥሩ ሳይዛነፍ። ስሙ ራንደል። እታገኝ ፊቱን አላወቀችውም፤ ስሙን ግን አወቀችው። ስድስት ዓመት ሙሉ ታውቀዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እታገኝ ያደገችው ደሴ ነው። አባቷ ባለ ሱቅ ነበሩ፤ የሳቸው ፖስታ ሣጥን ደግሞ የሠፈሩ ሁሉ ፖስታ ሣጥን ነበር። የማንም ደብዳቤ በሳቸው ቁጥር ይመጣል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ባለቤቱ ዓመት ቢዘገይ ዓመት ይጠብቀዋል። የሰው ደብዳቤ መክፈት ነውር ነው፤ መጣል ወይም መመለስ ደግሞ አደራ መብላት ነው። ታዲያ ሎረንስቪል ገብታ፣ ራንደል ለሚባል ሰው ደብዳቤ በቤቷ ቁጥር መምጣት ሲጀምር፣ የቀድሞ ተከራይ መሆን አለበት አለችና በሩ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ ትደረድረው ጀመር። አንድ ቀን ይመጣል፣ ይወስዳል። አንዱንም "እዚህ አይኖርም" ብላ አልመለሰችም።

አሁን፣ በሱአድ ስልክ ላይ እንደተደፋች፣ እታገኝን አንድ እሑድ ትዝ አላት። ሄርሜላ ሥራ ልትመለስ ሳምንት ሲቀራት፣ ቢጫውን ክፍል ልታይ መጥታ ነበር። ስትወጣ መደርደሪያው ጋ ቆመች።

"እማማ፣ ይሄ ደብዳቤ የማን ነው?"

"የሰው አደራ ነው። ሲመጣ እሰጠዋለሁ።"

ሲመጣ። ይህችው ናት ያለችው፤ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የበላቻት ቃል።

"ወይኔ ሱአድ፣ ሄርሜላ ስሙን ደብዳቤው ላይ አንብባ ይሄን ካርታ አይታለች" አለች።

በማግስቱ ሁለቱም ፈቃድ ወስደው ሸሪፍ ቢሮ ሄዱ። እታገኝ ደብዳቤዎቹን በነጭ ሻሽ ቋጥራ ነበር፤ አርባ አንድ ነበሩ፣ አንዱም አልተከፈተም። ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ሴት ቋጠሮውን ሲፈቱላት አየች። በሱአድ በኩል ጠየቀች፤ ለምን አልመለሰቻቸውም? እታገኝ የአባቷን ሣጥን ነገር ከሥሩ ልታስረዳ ጀመረች፣ ሱአድ ግን "የሰው አደራ ስለሆነ ነው ትላለች" ብላ በአጭሩ ተረጎመችው። ሴትየዋ ሰውየው አድራሻ መቀየሩን ሳያስታውቅ እንደጠፋ፣ የላኩለት ደብዳቤም ተመልሶ ስላልመጣላቸው እዚያው እንዳለ እንደተቆጠረ ነገረቻቸው። ቤቱን መጥተው ያያሉ፣ ከዚያ ይታረማል አለች።

መጡ። ሁለት ዩኒፎርም የለበሱ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መኪናቸውን ደጇ ላይ አቁመው። የሰፈሩ መጋረጃ ሁሉ ተነቃነቀ። ቁም ሣጥኗን ከፈቱ፣ የፍስሐን ኮት እያዩ "ይሄ የማን ነው?" አሉ። "የሞተ ባሌ" አለች። ቢጫው ክፍል ሲደርሱ አንደኛው ትንሿን አልጋ አየና፣ "እዚህ ቤት ልጅ አለ?" አላት።

"ሊኖር ነበር" አለች እታገኝ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት። ሱአድ "አሁኑኑ ለሄርሜላ ደውዪላት" ብትላት እታገኝ እንቢ አለች። "ነጥቡ እዚያው ቁጭ ብሎ የኔን ቃል ማን ያምነኛል? ሲነሣ እደውላለሁ።" በየምሳ ሰዓቱ ካርታው ይከፈታል። ነጥቧ አለች። እታገኝ ምሳዋን ከድና ወደ አንሶላዋ ትመለሳለች። ከሳች፤ አንገቷ ላይ ያለው ማተብ እንኳ ሰፋት።

ባለፈው ማክሰኞ ሱአድ ከፈተችው፤ የለም። እታገኝ እዚያው ፎጣ ጉያዋ እንዳለ ደወለች።

"ሄርሜላ፣ ያንን ካርታ ክፈቺው።"

"የቱን ካርታ፣ እማማ?"

"የምታውቂውን።"

ሄርሜላ ሳሎኗ እንዳለች ከፈተችው፤ ደግማ ፈለገች። ከዚያ ትንፋሿ ተሰማ፣ ከዚያ ልቅሶዋ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱም መጡ። ኤልዳና ደረጃው ላይ ቆመችና አባቷን በእንግሊዝኛ ጠየቀችው፤ ይሄ የማን ቤት ነው? የአያትሽ ነው አላት።

"ቤት አላት እንዴ?" አለች ልጅቷ።

እታገኝ ይሄን ሰምታ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ ውኃ ከፍታ ትንሽ ቆየች። ስትወጣ ሄርሜላ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዘቻት።

"ተይ፣ ተይ። ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"እንዴት ብዬ፣ እማማ? 'ቤትዎ ወንድ ይመጣል ወይ' ልበልዎት? ለታዲዮስ ነገርኩት፤ እሱም መጠየቅ ፈራ።"

"አንተስ?" አለችው ልጇን።

ታዲዮስ ጫማውን አየ። "እማዬ፣ ብቻሽን ነሽ። ሰው አግኝተሽ ይሆናል፣ ማንነቱን ሳታውቂ ቀርበሽው ይሆናል አልኩ። ልጅ እናቱን እንዴት ብሎ ይጠይቃል?"

"በዚህ ጉልበቴ? ሰው ባገኝማ ደብዳቤውን በር ላይ ነው የምደረድረው?"

ሄርሜላ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች፤ ታዲዮስ ግን አልሳቀም። እናቱን ለሁለት ዓመት ከመንፈቅ በሆዱ እንደከሰሳት አሁን ነው የገባው፤ እሷም ገብቷታል። ይቅር አለችው። ይቅር ማለትና መርሳት ግን ለየብቻ ናቸው።

ኤልዳና ጃኬቷን ሳታወልቅ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ግማሽ ሰዓት ቆመች። እታገኝ አልጠራቻትም፤ ድንቢጥ ብትጠራ እንደምትሸሽ ታውቃለች። በመጨረሻ የጫማዋ ክር ተፈትቶ ነበርና ልጅቷ መጥታ እግሯን እታገኝ ጉልበት ላይ አኖረች። እታገኝ ክሩን ቀስ ብላ አሰረችው፤ ከሚያስፈልገው በላይ ጊዜ ወሰደችበት። ሲወጡ ሄርሜላ፣ "የሚመጣው ቅዳሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ይያዙልን፣ እማማ፤ እኔ አልቀመጥም" አለች።

ይህ ነው ምሥራቹ። ጎረቤቲቱ አሁንም መጋረጃዋን ትለቃለች፤ ካርታው ተስተካከለ ብሎ በየቤቱ የሚዞር የለም። ራንደልም የት እንዳለ እስካሁን የሚያውቅ የለም፤ ነጥቧ ከእታገኝ ጣሪያ ተነሣች እንጂ የትም አላረፈችም። እታገኝ ግን ለቅዳሜ ምን እንደምትሠራ ከወዲሁ ትጨነቃለች፤ ልጅቷ የምትወደውን ምግብ እንኳ አታውቅም፣ ለሄርሜላ ደውላ ጠይቃለች።

እኔ እዚህ ላይ ልነሣ። ወዳጄ ምህረት ኬኔሶ የምትባል ከተማ ውስጥ ቤት አግኝታ ነገ ጠዋት ልትፈርም ነው፤ ስልኳን አታነሣም። የሰፈሩን ብቻ ሳይሆን የገዛ ቤቷን ቁጥር አስገብታ እንድታይ፣ የሰው ደብዳቤም ከመጣባት በማግስቱ እንድትመልስ፣ ሳትፈርም ደርሼ ልንገራት።