ሐጂ አዲሶቹን ተጫዋቾች የመዘኑ ለት

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት... እዚህ ጅቡቲ፣ በአከራዬ በሐጂ መብራዝ ውስጥ ትራስ ተደግፌ ተቀምጫለሁ። መብራዝ የሚሉት የጫት መቃሚያውን ክፍል ነው። እዚህ ከተማ ትዳሩም ንግዱም ፖለቲካውም የሚወራው እሱ ውስጥ ነው።

ሐጂ የአንድ እግር ኳስ ክለብ ፕሬዚዳንት ናቸው። የክለቡን ስም አልጠራም፤ የደረጃ ሰንጠረዡን ከታች ወደ ላይ የሚያነብ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው።

ጠዋት ባልባላ፣ አቧራው ሜዳ ላይ ሦስት አዲስ ልጆች ተሞክረው ነበር። ከሰዓት ደግሞ ምዘና። አንዱ ልጅ ሀበሻ ስለሆነ እኔ ለማስተርጎም ተጠራሁ። እምቢ እንዳልል የምኖረው በሳቸው ቤት ነው...

ምዘናው ሲጀመር ጫቱ ገና መቀንጠሱ ነው። የሐጂ ፊት አልተፈታም።

«በረኛውስ?» አሉ።

«ኳስ ይፈራል» አለ አሰልጣኙ።

«ተከላካዩ? ፈረንሳይ ተጫውቷል አልተባለም እንዴ?»

«ፈረንሳይ መኖሩንስ ኖሯል። መጫወቱን ነው የምጠራጠረው።»

ሦስተኛው እንድሪስ ነው፤ በሩ አጠገብ እግሩን አጥፎ ተቀምጧል። የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ሆዳን ሰፈር የአንዲት ማዳም ቤት ዘበኛ ነው፤ የሚያድረውም እዚያው ግቢ በር ላይ ባለችው ክፍል ነው። እውነት ለመናገር ከሦስቱ ኳስ እሺ የምትለው እሱን ብቻ ነበር። ሶማሊኛም ፈረንሳይኛም ስለማይችል አፍ አፌን ያያል።

«ይሄስ?»

«ይሮጣል» አለ አሰልጣኙ።

«ጅብ ያባረረውም ይሮጣል» አሉ ሐጂ፣ ሳይስቁ።

እንድሪስ «ምን አሉ?» አለኝ። «ፍጥነትህን አንስተው ነው» አልኩት። ምን ልበለው?

ዐሥር ሰዓት ገደማ ምርቃናው ገባ። በዚያው ክፍል፣ በነዚያው ሰዎች አፍ፣ ኳስ የሚፈራው በረኛ ለብሔራዊ ቡድን ታጨ። ፈረንሳዩ ተከላካይ «ወንድ ነው» ተባለ። እንድሪስ ጋ ሲደርሱ ሐጂ ከተጋደሙበት ብድግ አሉ።

«ወላሂ! በዚህ ልጅ ዋንጫ እንበላለን! የኔ ተጫዋች የሰው ግቢ አይጠብቅም! ዛሬውኑ ለማዳሟ ቁልፏን ይመልስላት፤ ከነገ ጀምሮ ክለቡ ቤት ነው የሚያድር። ሴ ፊኒ፣ አለቀ! ንገረው!»

አሰልጣኙ እንባውን ጠረገ... የጅቡን ነገር ሁሉም ረስቶታል።

ነገርኩት። ውጭ ስንወጣ ግን ክንዱን ያዝኩት።

«ስማ እንድሪስ፣ ይሄ የመብራዝ ቃል ነው። የዚህ አገር ሰው የመብራዝ ቃል ሰምቶ ጠዋት ሳይደገምለት እግሩን አያነሳም። ነገ ቢሮ ሄደን እስክንሰማ ቁልፉን እንዳትሰጥ።»

«በአላህ ማሉ እኮ ጋሼ!»

«መርቅነው ነዋ የማሉት!»

ክፉኛ ታዘበኝ። «እኛም አገር ይቃማል እኮ ጋሼ። እኛ ጋ ጫት ተይዞ ትልቅ ሰው የተናገረው ዱዓ ነው። አይታጠፍም።»

ወሎ ያደገ ልጅ ነው፤ ጫት የሚያውቀው በዱዓና በምርቃት ነው። እዚህ ዱዓ የለም። እዚህ ያለው ቬንትሌተርና ኮካ ነው... ይሄን ለማስረዳት ስጀምር ሄዷል። ቁልፉን መለሰ። ማዳሟን «ከእንግዲህ ተጫዋች ነኝ» ብሎ በምልክት፣ እግሩን እየወረወረ አስረድቷት ነው የወጣው።

እንድሪስ ያገሩ ልጆች ጋ አድሮ መጣና ጠዋት የክለቡ ቢሮ ሄድን። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ሻንጣው ትከሻው ላይ ነው። ጎንበስ ብሎ የሐጂን እጅ ሊስም ሲል እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ማነው ይሄ?»

«እንድሪስ ነው ሐጂ። የክንፍ ተጫዋቹ...»

«የምን ክንፍ? ሦስቱንም ሸኝ ብዬዋለሁ አሰልጣኙን። የማይረቡ ናቸው።»

«ወላሂ ብለው ማሉለት እኮ! ልጁ ሥራውን ለቋል!»

ያኔ ሳቁ። ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያ ሳቃቸው ይመስለኛል። «የመብራዝ ወሬ ሰምቶ ሥራ የሚለቅ ሰው ኳስ ሊጫወት? ኳስ ጭንቅላት ይፈልጋል። በለው።»

አላልኩትም። ሳቁ ግን አስተርጓሚ አልፈለገም።

ወደ ማዳሟ ቤት ሮጥን። በሩን የከፈተልን ሌላ ዘበኛ ነው። እንድሪስ ትቶት የወጣውን ነጠላ ጫማ አድርጎታል። እንድሪስ የሰውየውን እግር አየ። እኔ ነኝ በሱ ፈንታ በአማርኛ የተሳደብኩት... ሰውየው አማርኛ አይሰማም፣ በሩን ዘጋው።

አርሂባ ሰፈር፣ ከሐጂ የተከራየኋት ቤቴ ወሰድኩት። ምሳ አቀረብኩለት፣ አልነካውም። ግድግዳውን እያየ ተቀመጠ። ከተማ ሙሉ የሚያውቀውን ነገር ለምን አላመነኝም ብዬ በሱም ተናደድኩ፣ ማዘን ሲበዛ እንደዚያ ያደርጋል።

ዐሥር ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ሐጂ ናቸው። ከኋላቸው ሰው ይንጫጫል።

«ያ ክንፋችን የት ሄደ?! ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ፣ ለምን አላመጣኸውም? አምበል ነው የማደርገው! ወላሂ! ወላሂ ስልህ!»

ድምፃቸው ስልኩን አልፎ ክፍሉን ሞላው፤ «ወላሂ» ደግሞ አስተርጓሚ አትፈልግም። ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት። «እንዳትሰማቸው» ልለው ዞር ስል...

እንድሪስ የጫማውን ክር እያሰረ ነው።

ክለቡ ዘንድሮም ከታች አንደኛ ነው። ከሰዓት ከሰዓት፣ መብራዝ ውስጥ ግን የሚችለው የለም።