ማንቆርቆሪያው ለማን ነው?

ሻንጣው አልዘጋ ሲል ተቀመጥኩበት። ባሌ ዚፑን እየጎተተ፣ እኔ ሙሉ ክብደቴን እየጣልኩ፣ የሆነ ነገር ከሥሬ ቋ አለ። ከፍቼ ሳይ ሰማያዊው የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ነው። አማቴ ከሰላት በፊት ለውዱ የሚታጠቡበት፣ ከመታጠቢያ ቤታችን ወጥቶ የማያውቅ ማንቆርቆሪያ። ከአንዴም ሁለቴ ከሻንጣው አውጥቼው ነበር። ታክሲው ደግሞ ሊደርስ ነው።

ባሌ ስፔን ገጠር፣ የወይራ ዛፍ መሀል ያለ ቪላ ለእረፍት ተከራይቶልን ነበር። ለንደን ሆሎዌይ ሰፈር፣ ሊፍቱ ሲፈልግ በሚሠራ ፎቅ ላይ ለምንኖር ሰዎች መዋኛ ገንዳ ያለው ቪላ ትልቅ ነገር ነው፤ ፎቶውን እያየሁ ስንቱን ወጥ አሳረርኩ። እሱ ግን ያሰበው ለእናቱ ነው። አባቱ ከሞቱ ወዲህ አማቴ ከመስጊድና ከሰፈሩ ሱቆች አልፈው ሄደው አያውቁም። ቀኑን ሙሉ ሳሎን መስኮት ሥር ቁጭ ብለው የሚያልፈውን አውቶቡስ ያያሉ። ስለዚህ ሳይነግራቸው ትኬታቸውን ቆረጠና እራት ላይ አበሰራቸው።

«ስፔን ማን አለን?» አሉ።

«ማንም የለንም እማ፤ ለእረፍት ነው።»

«የሞተ ሰው አለ?»

«የለም።»

«የሚዳርስ?»

«እማ፣ ገጠር ነው። ንጹህ አየር አለ፣ ፍየል ሁሉ አለ።»

«እኔ ከፍየል ኋላ መሮጥ ሰልችቶኝ ከገጠር ወጣሁ፤ ልጄ ገንዘብ ከፍሎ ይመልሰኛል! አልሄድም። እናንተ ሂዱ፣ ተዝናኑ።»

ባሌ ፊቱ ጥቁር አለ፤ ግን እሺ አለ። እኔም እሺ አልኩ። እዚሁ የተወለደችው ልጃችን ደግሞ ትምህርት ቤት እንዳስተማሯት፣ «አያቴ ኖ ብላለች። ኖ ሚንስ ኖ። ሪስፔክት አድርጓት» ብላ ነገሩን ዘጋችልን።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አማቴ ለማይሄዱበት ጉዞ መሸከፍ ያዙ። ከሥራ ስመለስ ሻንጣው ወፍሮ ይጠብቀኛል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ ገባ፤ እሱስ ይሁን። ቀጥሎ ለቪላው ባለቤት የሚሰጥ ነጠላ ገባ።

«እማማ፣ እኛ እኮ ከፍለን ነው። ሰውየውን አናየውም፤ ቁልፉን የምናገኘው በሩ ላይ ካለች ሳጥን ነው» አልኳቸው።

«ቁልፍ የሚተውለት ጎረቤት እንኳ የለውም? ምስኪን!» ብለው አንድ ካርቶን ቴምር ጨመሩለት።

ለዚህ ሁሉ ቦታ የሚለቀቀው ከእኔ ልብስ ላይ ነው። ለገንዳው ዳር ብዬ የገዛሁት ሰፊ ባርኔጣ ወጣ፤ ቀሚሴ ተከተለው። የቀሩኝ ሰንደሎቼ ብቻ ነበሩ።

እኔ ደግሞ ንዴቴ ቅርብ ነው። ያን ጠዋት ማንቆርቆሪያውን አንጠልጥዬ ሳሎን ገባሁ። አማቴ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለዋል።

«እማማ፣ ይሄ ለማን ነው? እኛ ውዱ የምናደርገው ከቧንቧው ነው። ከእርስዎ በቀር በዚህ የሚጠቀም ማን አለ?»

«ይኑር» አሉ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ። «ምናልባት።»

«ምናልባት ምን?» ልል አፌን ስከፍት ጫማቸውን አየሁ። የኢድ ጫማቸውን አድርገዋል። ሻሻቸውም አዲሱ ነው።

ክው አልኩ። እኔ ያደግኩት እንግዳ «በልቼ ነው የመጣሁት» ሲል ማንም በማይሰማበት ቤት ነው። የመጀመሪያው እምቢታ ለወጉ ነው፣ ሁለተኛውም እንደዚያው፤ ሰው እሺ የሚለው ከብዙ ልመና በኋላ ነው። እኛ ግን እኚህን ሴትዮ እንደ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አንዴ ጠይቀን፣ እምቢ ሲሉ እሺ ብለን ሻንጣችንን መዝጋት ያዝን! ለንደን ጨዋነት አስተምሮን ባለጌ አድርጎናል።

ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ምንጣፉ ላይ ተንበረከክኩ።

«እማማ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ አብረን እንሂድ።»

«ተይ ልጄ፤ እኔን አሮጊቷን የት ልትጎትቱኝ?»

«እርስዎ ካልሄዱ እኔም አልሄድም። ወላሂ!»

ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«የልጄ አባት በሕይወት እያለ፣ ለሰርግም ይሁን ለለቅሶ፣ በር ላይ ቆሞ ሳይለምነኝ ወጥቼ አላውቅም። ጫማዬን አድርጌ እንኳ እምቢ እለው ነበር፤ ደስ ይለዋል። አሁን አንዴ እምቢ ብል ሁላችሁም እሺ አላችሁኝ። የሚለምነኝ ሰው ከእሱ ጋር የተቀበረ መሰለኝ።»

ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። መጥቶ ጉልበታቸውን ያዘ። «እማ፣ አፈር ስሆንልሽ፣ ተነሺ» አላቸው፤ ድምፁ ተሰበረ። እኔም አለቀስኩ። ልጃችን ግራ ገብቷት «ባት ሺ ሴድ ኖ!» ስትል፣ ሁለታችንም ባንድ አፍ «ዝም በይ!» አልናት።

ታች ታክሲው ክላክስ ማድረግ ጀመረ። ተንደርድሬ ተነሳሁ።

«ልብስዎ የት ነው? ቶሎ ልሸክፍልዎ።»

«ከድርቆሹ ሥር አለ» አሉ፣ እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ፓስፖርቴም ቦርሳዬ ውስጥ ነው።»

ሰንደሎቼን አውጥቼ ማንቆርቆሪያውን በቦታቸው ልከት ስል ከእጄ ወሰዱት። ይሰበራል፣ እኔው እይዘዋለሁ አሉ። ባሌ ዚፑን ዘጋ፣ እኔ በሩን ቆለፍኩ። ዞር ስንል አማቴ ማንቆርቆሪያቸውን አቅፈው፣ «እኔ እኮ አልሄድም ብያለሁ» እያሉ፣ ከሁላችንም ቀድመው ሊፍቱ ውስጥ ገብተዋል።