ጋሽ አድማሱ እና የውሸቱ አጎት

ውሸት ነው አልኩ። ስልኬን ዘጋሁት፣ መልሼ ከፈትኩት፣ ያው ነው። ጋሽ አድማሱ ዛሬ ጠዋት አርፈዋል።

ቦንጋ የተማራችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ለማታውቋቸው፦ ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩ፣ ተማሪ ባስቸገረ ቁጥር "ወደ ጋሽ አድማሱ" የሚባልላቸው መምህር ናቸው። እኔን ደግሞ ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

አልቅሻለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከለቅሶው ይልቅ እፎይታው ይበልጣል። አትፍረዱብኝ፣ መጀመሪያ አንብቡ።

ከደሴ ቦንጋ ተመድቤ ስመጣ ጀማሪ ነበርኩ፣ ያውም ቁጡ። ዘጠነኛ ክፍል ታደለች የምትባል ተማሪ ነበረችኝ። ዴስክ ትደበድባለች፣ የጎኗን ልጅ ደብተር ትቀማለች፣ ስናገራት ትመላለሰኛለች። በቃ አንገሸገሸችኝ።

ጋሽ አድማሱ የራሳቸው መንገድ ነበራቸው። "ደረጃ አለው" ይሉ ነበር። አንደኛው ለሁሉም ነው፤ በር ላይ ቆመሽ እያንዳንዱን በስሙ ሰላም ትያለሽ፣ የክፍሉን ደንብ አብራችሁ ታወጣላችሁ። ይሄ ያልበቃቸው ጥቂቶች ይኖራሉ፤ እነሱን ጠዋት ሲገቡ "እንዴት አደራችሁ?"፣ ሲወጡ "እንዴት ዋላችሁ?" እያልሽ በትንሽ ደብተር ትከታተያለሽ። ሦስተኛው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ቤቱ ድረስ ይኬዳል።

እኔስ? ሁሉንም ዘልዬ "ወላጅ ሳታመጪ ክፍሌ እንዳትገቢ!" አልኳት።

በሦስተኛው ቀን አጎቷን ይዛ መጣች። ኮት የለበሰ፣ አንገቱን የደፋ ሰው። ግማሽ ሰዓት የወቀሳ ናዳ አወረድኩበት። እሱም "ልክ ነሽ እህቴ፣ እኔ እመክራታለሁ" ይለኛል። ጋሽ አድማሱ በዚያ ሲያልፉ ቆም አሉና "አንተ፣ ባጃጅህን የት አቁመህ ነው?" አሉት።

ለካ የመናኸሪያው ባጃጅ ነጂ ነው! ለምና ያመጣችው አጎት። ኮቱም የራሱ አልነበረም።

በንዴት ጦፍኩ። ስብሰባ ላይ ተነስቼ "ትባረር!" አልኩ። ይባስ ብዬ "ጋሽ አድማሱ እያሞላቀቋቸው እኮ ነው የሚያስቸግሩን" አልኩ፣ በመምህራኑ ሁሉ ፊት። ስንወጣ እሳቸው "ደረጃውን አትዝለይ ልጄ፣ ነይ እንሂድ" ብለው ወደ ታደለች ቤት ወሰዱኝ።

ታደለች የምትኖረው አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ፣ ብቻዋን ነበር። ወላጆቿ ያሉት ሩቅ፣ ቢታ ገነት የምትባል ከተማ ነው። በአሥራ አምስት ዓመቷ ውሃ ቀድታ፣ አብስላ፣ አጥባ ነው ትምህርት ቤት የምትመጣው። አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

"ቲቸር፣ ወላጅ ከየት ላምጣ?" አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አልተባረረችም። ጠዋት ጋሽ አድማሱ፣ ስትወጣ እኔ፣ በትንሿ ደብተር ያዝናት። በአንድ ቀን አልተለወጠችም፤ መሀል ላይ አንዴ ተጣልታ የሰው ደብተር ቀዳደደች። ራሷ በአዲስ ደብተር ገልብጣ መለሰች፣ እኛም ቀጠልን። ዛሬ ደካ ከተማ መምህርት ናት።

እኔ ግን ስብሰባው ላይ ለተናገርኩት ይቅርታ ሳልጠይቅ ዓመታት አለፉ። ሲታመሙ "ሳልነግራቸው ቢሄዱስ?" የሚለው ሐሳብ ሰላም ነሳኝ። ባለፈው እሑድ ታደለችን ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ።

"ጋሼ፣ እኔም በር ላይ ቆሜ በስማቸው ነው የምቀበላቸው" አለቻቸው። እጇን ያዙ፣ ለረጅም ጊዜ አልለቀቁም።

ከዚያ እኔ ተንበረከክኩ። "ያን ቀን ያዋረድኩዎትን ይቅር ይበሉኝ።" ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ።

"ከስብሰባው በኋላ ስንት ቅዳሜ ቤትሽ መጣሁ?" አሉኝ።

እውነትም ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ሙዝ ይዘው ብቅ ይሉ ነበር፣ "በዚህ ሳልፍ ነው" እያሉ። አገሩን የማላውቅ፣ ዘመድ የሌለኝ ነበርኩ። ቁጭ ብለው ያጫውቱኛል፣ ስለ ስብሰባው ግን ትንፍሽ አይሉም።

"ሦስተኛው ደረጃ ላይ የነበርሽው አንቺ ነሽ እኮ!" አሉኝ።

እፎይ ያልኩት ለዚህ ነው። ሰምተውኝ ሄዱ። ሕመሙም ለቀቃቸው።

ጋሽ አድማሱ፣ ቤትዎ ከከተማው በወዲያኛው ጫፍ መሆኑን ዛሬ ነው ልብ ያልኩት። በእኔ ሰፈር የሚያልፉበት ምንም ምክንያት አልነበረዎትም። ደህና ይሂዱ አባቴ። ከቀብርዎ ማግስት ጠዋት ክፍሌ በር ላይ እቆማለሁ፣ የተማሪዎቼን ስም እየጠራሁ።