አጎቴ ያሸተቱት ብርጭቆ

አጎቴ መጠጥ ሳያሸቱ አይቀምሱም ነበር። «አፍንጫ ያላመነውን ጉሮሮ አይመነው» ይሉን ነበር። የአራዳው አርመን ነጋዴ በጥድ ፍሬ የተቀመመ ጂን ከባሕር ማዶ ሲመጣለት፣ አስቀድሞ እሳቸውን አስጠርቶ ያስቀምሳቸው ነበር።

በኅዳር በሽታ ታመው ከዳኑ በኋላ አንድ ቀን ክንዳቸውን ደግፌ ወደ ነጋዴው ሱቅ ወሰድኳቸው። ነጋዴው ሊቀልድባቸው በጂኑ ፈንታ ውኃ ቀዳ። አጎቴ ብርጭቆውን አሸተቱና «ጥዱ እንዴት ያውዳል!» አሉ። ሲጎነጩት ውኃ ሆነባቸው። ሱቁ በሳቅ ሞላ። እሳቸው ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡ።

ውጭ ስንወጣ «ልጄ፣ በሽታው አፍንጫዬን ይዞት ሄዷል፤ ለእናትህ እንዳትነግር» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አራዳን አልረገጡም።

ዛሬ በሰልስታቸው ለቀስተኛው ሁሉ ያንን አፍንጫ ሲያሞግስ፣ ምስጢሩን የማውቀው እኔ ባዶ መደባቸውን ለማየት አፈርኩ። ነጋዴውም በሩ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ነበር።