ለምራት እጅ የተሠራ ሳሙና

የከተማ አውቶቡስ ላይ ቲኬት ስትቆርጥ ነው ያረጀችው። ጎረቤቱም ተሳፋሪውም በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤ «ጠጋ ጠጋ» ነው የሚላት፤ ቀኑን ሙሉ ከአፏ የማይጠፋው ቃል ይኸው ነበርና። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ በሩ አልዘጋ ብሎ፣ ሹፌሩ ሲነጫነጭ እንኳ እሷ ተስፋ አትቆርጥም ነበር። ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ይገባል ትላለች፤ እውነትም ይገባል። ፌርማታ ላይ ሰው ትታ መሄድን የመሰለ ነውር ለእሷ አልነበረም። ከዚያ አንድ ቀን በየአውቶቡሱ በር ላይ ካርድ የሚያነብ ማሽን ተገጠመና፣ ጠጋ ጠጋ ቤቷ እንድትቀመጥ ተነገራት።

መቀመጥ የሚባለውን ነገር ግን ማን አስተምሯት? ዕድሜዋን ሙሉ በሚንቀሳቀስ ወለል ላይ ቆማ የኖረች ሴት ወንበር ላይ ስትሆን እግሯ አላርፍ ይላታል። የምትኖረው ከልጇና ከምራቷ ጋር ነው። ልጇ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ምራቷ ፀጉር ቤት ትሠራለች። ሁለቱም ጠዋት ወጥተው ቤቱ ጭር ሲል ጠጋ ጠጋን አንዳች ነገር ይነዘንዛታል። የወጥ ቤቱን መደርደሪያ አራግፋ እንደገና ትደረድራለች። መጋረጃውን አጥባ ሳይደርቅ ትሰቅላለች። ቁም ሣጥኑን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ትገፋለች፤ በማግስቱ ደግሞ ትመልሰዋለች። ምራት ከሥራ ደክሟት ስትመጣ ጨው ፍለጋ ቤቱን ታምሳለች፤ አንድም ቀን ግን ክፉ ቃል አልወጣትም። ማንኪያዎቹን የልብስ መሳቢያ ውስጥ ያገኘቻቸው ጊዜ እንኳ «እማማ፣ ለምን ይደክማሉ» ብላ ነው ያለፈችው።

የተናገረው ልጅየው ነው። አንድ እሑድ ቁርስ ላይ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ እህቷ ዘንድ ሄዳ ትንሽ ብታርፍ ምን ይመስላታል ብሎ ጠየቃት። እህቷ ያለችው ሌላ ከተማ ነው፤ መንገዱ ጎህ ሲቀድ ተነሥተው ጀምበር ስትጠልቅ የሚደርሱበት ነው። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ብትጠይቀው፣ ዳቦውን እያፍረከረከ «እስኪሰለችሽ ድረስ፣ እማዬ» አላት። ምራት አንገቷን ደፍታ ሻይ ትቀዳ ነበር። ጠጋ ጠጋ ነገሩ ወዲያው ገባት። የገዛ ልጇ ከቤቱ ሊሸኛት ፈልጓል። አስብበታለሁ ብላ ተነሣችና ሳህኖቹን፣ ገና ያልተበላባቸውን ሳይቀር፣ ሰብስባ አጠበች።

ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍም ምግብም አልረጋ አላት። ለዚህ ቤት የምትጠቅም ሰው መሆን አለባት፤ ብትሄድ የምታጎድል ዓይነት ሰው። ግን በምን? ምግብ ብትሠራ ታሳርራለች፣ ልብስ ብትተኩስ ታቃጥላለች፤ እሳት ፊት ቆሞ መጠበቅ አልተፈጠረላትም። ዐይኗ የምራቷ እጅ ላይ ያረፈው እንዲህ ወዲያ ወዲህ ስትል ነው። ምራት ቀኑን ሙሉ የሰው ራስ ስታጥብ ትውላለች፤ ሻምፑውና ቀለሙ ጣቶቿን አድርቆ ሰነጣጥቋቸዋል። ቤት ገብታ በሱቅ ሳሙና ስትታጠብ ደግሞ ይብስባታል። አንዳንዴ ሸሚዟን ስትቆልፍ ፊቷን ታጨማድዳለች።

ገበያው ጥግ ላይ ቤቷ የሠራችውን ሳሙና እንደ ኬክ እየቆረጠች የምትሸጥ ሴት አለች። ጠጋ ጠጋ በማግስቱ ሄዳ ፊቷ ተገተረች። ሳሙናሽን ሽጪልኝ አላለቻትም፤ አሠራሩን አስተምሪኝ ነው ያለቻት። ገዝቶ መስጠትማ ማንም ያደርገዋል። ሳሙና ሠሪዋ ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ ደንበኛ እስኪመጣ ብላ ጀመረችላት። ነገሩ ዘይት፣ ውሃና ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ያ የተደፈነ ቱቦ የሚከፍተው ነጭ ነገር። ሶዳው ውሃው ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃው ሶዳው ላይ አይፈስም፤ ከፈሰሰ ይገነፍልና ፊት ይልጣል። አሉሚኒየም ዕቃ አይነካም፤ ይበላዋል። ጓንትና መነጽር ይደረጋል፣ መስኮት ይከፈታል። ሲያልቅ ከወር በላይ ይደርቃል። ሴትየዋ ይህን ሁሉ ሳትጨርስላት የጠጋ ጠጋ እግር ተነሥቶ ነበር። ሳሙና ሠሪዋ ክንዷን ያዘችና የእያንዳንዱን መጠን ነገረቻት።

«እህቴ፣ ሁሉም በሚዛን ነው» አለቻት። «እኔ ጋ በዐይን የሚባል ነገር የለም።»

ዕቃ ፍለጋው ለጠጋ ጠጋ የተሰጠ በረከት ነበር። የድሮ መስመሯን በእግሯ አካለለችው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው የግንባታ ዕቃ ሱቅ ባለቤት ኮስቲክ ሶዳ ስትለው ፊቱ ተለዋወጠ፤ እኒህ ሴትዮ ማንን ሊያቃጥሉ ነው ብሎ ሳይሆን አይቀርም። ባለቤትዎን ይላኩና እሰጣለሁ አላት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ እሱን ከማስመጣ እኔ ብሄድለት ይቀላል ብላው ወጣች። ሁለተኛው ሱቅ ያቀረበላት የቱቦ መክፈቻ ውስጡ የአሉሚኒየም ፍንካች የተቀላቀለበት ነበር፤ ልትገዛው እጇን ከዘረጋች በኋላ ብልጭልጩን አይታ ተወችው። በመጨረሻ ከቀለም ቤቶቹ ጀርባ ካለች ጠባብ የኬሚካል መደብር ንጹሑን አገኘች። ሻጩ የምታደርገውን ጥንቃቄ ሁሉ እንደ ተማሪ በቃሏ ካስደገማት በኋላ ነው ጠርሙሱን ያስረከባት።

ዘይቱም ቢሆን ዝም ብሎ አልመጣም። ድንች ጠባሹ የተጠቀመበትን ዘይት በነጻ ልስጥሽ ቢላትም፣ ምራቷ ድንች ድንች እየሸተተች ሰው ራስ ላይ እንድትቆም አልፈለገችም። የሱፍ ዘይት ከሰፈር ሱቅ፣ የኮኮናት ዘይት ደግሞ የፀጉር ቅባት ከሚያከፋፍል ሰው ገዛች። የማይዝግ ብረት ድስት ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ለቀመች። ሚዛኑን ያዋሳት ቅመም ነጋዴው ነው፤ እሱም ከምሳ በፊት ካልመለስሽልኝ ሱቄን ዘግቼ ቤትሽ እመጣለሁ ብሎ አስጠንቅቋታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ልጇ የጉዞውን ነገር ባነሣ ቁጥር መልሷ አንድ ነበር፤ ሳሙናው ሳይደርቅ ንቅንቅ አልልም።

የሠራችው ዕለት ሁለቱም እንደወጡ መስኮቱን ከፈተች፤ የልጇን የሥራ መነጽር አጠለቀች፤ ወገቧን ታጥቃ ተነሣች። ዘይቱን መዘነች። ውሃውን መዘነች። ሶዳውን በማንኪያ እየቀነሰች እየጨመረች፣ የሚዛኑ መርፌ የተባለው ቦታ ላይ እስኪቆም ትንፋሿን ውጣ መዘነች። እንዲህ ተጠንቅቃ አታውቅም። ሶዳው ውሃው ውስጥ ሲገባ ምድጃ ሳይነካው ጋለ፣ ጨሰ፤ እሷም ወደ መስኮቱ ሸሽታ ተመለሰች።

ታዲያ ጠርሙሱን ልትከድን ስትል ታች ትንሽ ቀርታለች። ሁለት ማንኪያ ብትሆን ነው። ጠጋ ጠጋ ጠርሙሱን አንዴ፣ ድስቱን አንዴ አየች። ሳሙና ሠሪዋ ያለችው አልጠፋትም፤ ግን ለዚች ለቅምሻ ለምትሆን ነገር ጠርሙስ ይቀመጣል? ብቻዋን ቀርታ ምን ልትሆን? ድስቱ እንደሆነ ሰፊ ነው። ሚዛኑን ሊወስድ የሚመጣው ቅመም ነጋዴም በዐይኗ ላይ ይመላለሳል። ለአንድ ሰው መቼም ቦታ አይጠፋም ብላ ገለበጠቻት። ጠጋ ጠጋ ክፋት የላትም፤ የለመደችውን ነው ያደረገችው።

ከዚያ ዘይቱን ጨምራ ክንዷ እስኪዝል አማሰለች፤ እንደ ወፍራም እርጎ ሲሆንላት ወረቀት በለበሰ ሣጥን ውስጥ ገልብጣ በብርድ ልብስ ጠቀለለችው። አሁን መጠበቅ ነው። አይ መጠበቅ! ብርድ ልብሱን ገልጣ ታያለች፣ ትሸፍናለች፣ ደጅ ትወጣለች፣ መንገዱን ዞራ ትመጣለች፣ ደግሞ ትገልጣለች። ቆርጣ መደርደሪያ ላይ ከደረደረችው በኋላም አንዱን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ ስታዞር ትውላለች። ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አወጣ፤ አበባ መሰላት። ጠርዙ ሲነኩት ይፈረፈር ነበር፤ ይህንንም ቤት የተሠራ ነገር ወጉ ነው አለች። ብቻ ጠበቀች። ወሩ አልፎ ሌላው ሲጀምር አንዱን ቁራጭ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላ ለምራቷ ሰጠቻት።

ምራት ሳሙናውን አሽትታ ፈገግ አለች። ያን ማታ እጇን ስትታጠብ ጠጋ ጠጋ ከኋላዋ ቆማ ትጠብቅ ነበር። እንዴት ነው አለቻት። በጣም ጥሩ ነው እማማ አለች ምራት፣ ቧንቧው ላይ እንዳጎነበሰች። ጠጋ ጠጋን ምድር አልበቃት አለ። ልጇም የጉዞውን ነገር ማንሣት ተወ።

በየቀኑ ትጠይቃለች፤ በየቀኑ ጥሩ ነው ትባላለች። ምራት ቤት ውስጥም ጓንት ማድረግ የጀመረችው በዚያ ሰሞን ነው። አዲስ የመጣው የፀጉር ቀለም አልተስማማኝም አለች። ጠጋ ጠጋ የፀጉር ቤቱን ባለቤት በሆዷ ረገመችና፣ አብዝተሽ በሳሙናዬ ታጠቢ ብላ መከረቻት።

መቼም በእጇ የያዘችውን ለሰው ሳታሳይ የምትውል ሴት አይደለችም። አንድ ጠዋት ቁራጭ ሳሙና ይዛ ገበያ ወረደች፤ አስተማሪዋ እንድትደነቅ ነው። ሳሙና ሠሪዋ ሳሙናውን አገላብጣ አየችው፤ ነጩን ዱቄት በጥፍሯ ፋቀች። ጣቷን አርጥባ ሳሙናው ላይ አሸችና ወደ ምላሷ ጫፍ አስጠጋችው። ወዲያው ተፋች፤ ውሃ አንሥታ አፏን ተጉመጠመጠች።

«ሶዳውን መዝነሻል?»

«መዝኛለሁ። በእውነት መዝኛለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ… ትንሽ ቀርታ ነበር።»

ሳሙና ሠሪዋ አልተቆጣችም፤ ይህ ነገር ሥጋ የሚበላ ነው፣ ለሰው እንዳትሰጪ ብቻ አለቻት። ጠጋ ጠጋ ክው አለች። የምራቷ ጓንት፣ ሸሚዝ ስትቆልፍ የሚጨማደደው ፊቷ፣ ያ «በጣም ጥሩ ነው» ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣባት። ሳሙናውን እዚያው ጥላ ወጣች። አውቶቡስ መጠበቅ የሚሆንላት አልነበረም፤ ሮጠች። በዚያ ዕድሜዋ፣ ነጠላ ጫማዋ እየተንሸራተተ፣ መንገደኛውን እየገፋች ሮጠች።

ፀጉር ቤቱ ገብታ ሰላም እንኳ አላለችም። ቀለም ተቀብተው ራሳቸውን የጠቀለሉ ሁለት ሴቶች መስታወቱ ውስጥ አዩዋት። ምራት ማበጠሪያ እንደያዘች ዞረች። ጠጋ ጠጋ እጇን ያዘችና ጓንቱን ከጣቶቿ ላይ ቀስ አድርጋ አወጣችው። መዳፏ ቀልቷል፤ በጣቶቿ መሀል ቆዳው ተገሽልጦ ውስጡ ይታያል። ወደ ራስ ማጠቢያው ጎትታ ወሰደቻትና ቀዝቃዛውን ውሃ ለቀቀችበት።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ ልጄ?»

ምራት ዐይኗን ከውሃው አላነሣችም።

«እህትዎ ዘንድ ይሂዱ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «እሱ እንቢ ብሎኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ወትውቼ ያስጠየቅሁት። ከዚያ እርስዎ ለእኔ እጅ ብለው ከተማውን በእግርዎ ሲዞሩ አየሁ። በየትኛው አፌ ያቃጥለኛል ልበልዎት?»

ጠጋ ጠጋን አመማት። ከሳሙናው ይልቅ ይህ አመማት፤ እውነቱን መናገር ነው። ያን ሁሉ ጊዜ በልጇ ስታዝን፣ ሰላምታ ስትነፍገው ከርማለች፤ ደግ የምትላት ይህችኛዋ ነበረች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጇን ለቃ፣ በሩን ወርውራ፣ ሻንጣዋን ልታሰናዳ በሄደች ነበር። እግሯም ተነሥቶ ነበር። ግን ውሃው መፍሰስ ነበረበት፤ የተገሸለጠው እጅም በእጇ ነው። ቆመች።

«አሁንስ?» አለቻት በመጨረሻ።

ምራት በእጇ ጀርባ ዐይኗን ልትጠርግ ፈለገችና ሁለቱም እጆቿ ተይዘው ስለነበር ተወችው።

«አሁንም አንዳንድ ቀን ይሂዱልኝ ይሂዱልኝ ያሰኘኛል» አለች። «ዛሬ ግን አይሂዱ።»

ጠጋ ጠጋ የምራቷን ጣቶች አንድ በአንድ እየለየች በመሀላቸው ውሃ አፈሰሰች። ራሳቸውን የጠቀለሉት ሴቶች ቀለማችን ደረቀ እያሉ ቢያጉረመርሙም ማንም አልሰማቸውም።